በአንድ ኩንታል የዶሮ መኖ ኦፕቲማይዜሽን መማር፦ ከእርሳስና ወረቀት እስከ ኤክሴል

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ። ዋናው ነገሩ ኦፕቲማይዜሽን ነው፤ በገደቦች ውስጥ ሆኖ ከብዙ አማራጭ የተሻለውን በስሌት መፈለግ። ሲምፕሌክስ የሚባለውን የስሌት ዘዴ ሰንጠረዥ በእጅ እየሰራሁ፣ ረድፍ ከረድፍ እየቀነስኩ፣ አራት ገጽ ሞልቼ ፈተናውን አለፍኩ። ያ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚጠቅም ግን አልገባኝም ነበር። የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም ቢሾፍቱ አክስቴ ግቢ ውስጥ የመኖ ጆንያ ላይ ተቀምጬ።

አክስቴ 300 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት። መኖውን ገዝታ ራሷ ትቀላቅላለች። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን "አንተ ሒሳብ ተምረሃል አይደል? እስቲ ይሄን ወጪ ቀንስልኝ" አለችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የተማርኩትን በተማርኩበት ቅደም ተከተል ልጻፈው። የሚያስፈልገው የ8ኛ ክፍል አልጀብራ፣ ግራፍ ወረቀትና ኤክሴል ያለበት ኮምፒውተር ነው። ዋጋዎቹንና የንጥረ ነገር መጠኖቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ችግር ያዙ

መጽሐፍ ላይ ያለ "አንድ ፋብሪካ ወንበርና ጠረጴዛ ያመርታል" በሚል ምሳሌ አትጀምሩ። ወንበሩ የእናንተ ስላልሆነ መልሱ ቢሳሳትም አይቆረቁራችሁም። በራሳችሁ ኪስ የሚገባና የሚወጣ ነገር ፈልጉ። ዳቦ ቤት ካላችሁ የዱቄትና የምድጃ ሰዓት ክፍፍል፣ ሱቅ ካላችሁ በያዛችሁት ገንዘብ የቱን ዕቃ ምን ያህል ማስገባት፣ ሠራተኛ ካላችሁ የፈረቃ ድልድል ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ለዚህ ዘዴ የሚሆነው "ምን ያህል?" ብላችሁ ስትጠይቁት በቁጥር የሚመልስ ከሆነ ነው። "ልጄን የትኛው ትምህርት ቤት ላስገባ?" የሚለውን ተዉት፤ እሱ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ደረጃ 2፦ በአማርኛ ጻፉት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። እኔም ቸኩዬ ነው የተዋረድኩት። ኤክሴል ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

አንደኛ፣ በእጄ ያለው ውሳኔ ምንድን ነው? የአክስቴ ውሳኔ በአንድ ኩንታል መኖ ውስጥ ስንት ኪሎ በቆሎ፣ ስንት ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ ስንት ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ይግባ የሚል ነው። ከ100 ኪሎው 10 ኪሎ የኖራ ድንጋይ፣ ጨውና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) ነው፤ እሱን አንነካውም። የምንጫወተው በ90 ኪሎ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን እንዲያንስ ወይም እንዲበዛ ነው የምፈልገው? እዚህ እንዲያንስ የሚፈለገው የኩንታሉ ወጪ ነው። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። "ወጪውም ይነስ፣ እንቁላሉም ይብዛ" ካላችሁ አንዱን ግብ አድርጉና ሌላውን ወደ ገደብ ቀይሩት።

ሦስተኛ፣ ምን ያግደኛል? እንቁላል ጣይ ዶሮ በቂ ፕሮቲን ካላገኘች አትጥልም። ስለዚህ ከኩንታሉ ቢያንስ 16.5 ኪሎ ፕሮቲን መሆን አለበት።

ከዚያ ቁጥሩን ሰበሰብኩ። ዋጋውን ከገበያ፣ የንጥረ ነገሩን መጠን ደግሞ ፊዲፒዲያ ከሚባለው ነጻ የመኖ ድረ ገጽ።

በቆሎ፦ በኪሎ 40 ብር፣ ፕሮቲን 9 በመቶ፣ ፋይበር 2 በመቶ
የአኩሪ አተር ፋጉሎ፦ በኪሎ 80 ብር፣ ፕሮቲን 44 በመቶ፣ ፋይበር 7 በመቶ
የኑግ ፋጉሎ፦ በኪሎ 50 ብር፣ ፕሮቲን 30 በመቶ፣ ፋይበር 20 በመቶ

አክስቴ በልማድ 62 በቆሎ፣ 20 አኩሪ፣ 8 ኑግ ነበር የምትቀላቅለው። ደምሩት፤ 4,480 ብር ይመጣል።

እኔ በኩራት ያመጣሁት ቀመር ደግሞ በቆሎ 50፣ ኑግ 40፣ አኩሪ ዜሮ የሚል ነበር። ፕሮቲኑ ልክ 16.5፣ ወጪው 4,000 ብር። በኩንታል 480 ብር አተረፍኩላት ብዬ ሙከራ የቀላቀልኩትን በሳህን አቀረብኩ። ከሳህኑ አንድ እፍኝ አነሳች። በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችውና ጥቁሩን ልጣጭ እፍ ብላ አሳየችኝ። "ይሄን የበላች ዶሮ በገለባ ሆዷ ይሞላል እንጂ እንቁላል አትጥልም" አለች።

ትክክል ነበረች። የኔ ድብልቅ ፋይበሩ 9 በመቶ ነበር። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ስለ ፋይበር ምንም ስላልነገርኩት ስለ ፋይበር አላሰበም። አክስቴ በ15 ዓመት ልምድ የምታውቀው ነገር ወረቀቴ ላይ አልነበረም። እና አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ፋይበሩ ከ6 ኪሎ አይብለጥ።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ ግን የሲምፕሌክስ ዘዴን እ.ኤ.አ. በ1947 የፈጠረው ጆርጅ ዳንትዚግ ራሱ እንዲሁ እንደገጠመው አወቅኩ። ክብደት ለመቀነስ ሲል የራሱን አመጋገብ በኮምፒውተር አሰላ። ሆድ የሚሞላ ነገር ይብዛልኝ ብሎ ውሃቸው ተቀንሶ በሚቀረው ክብደት ምግቦቹን አስለካ። ኮምፒውተሩ በቀን 500 ጋሎን ኮምጣጤ ጠጣ አለው! ወደ 1,900 ሊትር መሆኑ ነው። ለካ የመረጃው ሰንጠረዥ ላይ የኮምጣጤ ውሃ ዜሮ ተብሎ ተመዝግቧል። ኮምጣጤውን ሰርዞ ደግሞ ሲያሰላ በቀን 200 ኩብ የሾርባ ቅመም ታዘዘለት። ለሾርባ ቅመም ከፍተኛ ገደብ ማስቀመጥ አልታሰበውም ነበር።

ስለዚህ በዚህ ደረጃ የምመክረው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያ መልሳችሁን ሥራውን በእጁ ለሚሠራው ሰው አሳዩ። "ይሄ አይሆንም" ካለ "ለምን?" በሉት። የሚሰጣችሁ ምክንያት የጎደለው ገደብ ነው።

ደረጃ 3፦ በወረቀት ላይ ሳሉት

ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮች አሉን፤ ወረቀት ላይ የሚሳለው ግን ሁለት ነው። ድምሩ 90 ስለሆነ ግን በቆሎ ማለት ከ90 ላይ አኩሪና ኑግ ሲቀነሱ የሚቀረው ነው። አኩሪን "አ"፣ ኑግን "ኑ" እንበላቸው።

90ው ሁሉ በቆሎ ቢሆን ፕሮቲኑ 8.1 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ በቆሎ አውጥታችሁ አኩሪ ስታስገቡ ፕሮቲኑ በ0.35 ይጨምራል፤ ኑግ ስታስገቡ በ0.21። ስለዚህ፦

8.1 + 0.35አ + 0.21ኑ ≥ 16.5

8.1ን ወደ ቀኝ አሻግራችሁ በ0.07 ስታካፍሉት 5አ + 3ኑ ≥ 120 ይሆናል። ፋይበሩንም በተመሳሳይ መንገድ፦

1.8 + 0.05አ + 0.18ኑ ≤ 6

ሲቃለል 5አ + 18ኑ ≤ 420 ነው። ወጪው ደግሞ 3600 + 40አ + 10ኑ። አኩሪ ከበቆሎ በ40 ብር፣ ኑግ በ10 ብር ስለሚወደድ ነው።

አሁን ግራፍ ወረቀት አውጡ። አግድም አኩሪ፣ ሽቅብ ኑግ። የፕሮቲኑ መስመር አኩሪ 24 ላይና ኑግ 40 ላይ ያሉትን ነጥቦች ያገናኛል፤ የሚፈቀደው ከመስመሩ በላይ ያለው ነው። የፋይበሩ መስመር አኩሪ 84 ላይና ኑግ 23.3 ላይ ያሉትን ያገናኛል፤ የሚፈቀደው ከመስመሩ በታች ያለው ነው። ሁለቱም የሚፈቅዱትን ቦታ በእርሳስ ቀለም ቀቡት። ጠፍጠፍ ያለ ሦስት ማዕዘን ይወጣላችኋል።

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። ኮምፒውተር ላይ 500 ያልታወቁ ቁጥሮች ቢኖሩም የሚሆነው ነገር ከዚህ ሦስት ማዕዘን አይለይም።

ደረጃ 4፦ ጥግ ጥጉን ፈትሹ

መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ መልስ ካለ ጥግ ላይ ይገኛል። ለምን? ከሦስት ማዕዘኑ መሃል ቆማችሁ ወጪው ወደሚቀንስበት ብትራመዱ ግድግዳ እስክትነኩ ምንም አያቆማችሁም። ግድግዳውን ይዛችሁ ብትቀጥሉ ደግሞ ጥግ ላይ ትደርሳላችሁ። ሲምፕሌክስ ማለት ይኸው ነው፤ ከጥግ ወደ ተሻለ ጥግ መሄድ። አራት ገጽ ሙሉ ስሠራው የነበረው ይህ መሆኑን ማንም ቢነግረኝ ኖሮ!

የኛ ጥጎች ሦስት ናቸው።

አኩሪ 24፣ ኑግ 0፦ 4,560 ብር
አኩሪ 12፣ ኑግ 20፦ 4,280 ብር
አኩሪ 84፣ ኑግ 0፦ 6,960 ብር

መካከለኛውን ያገኘሁት ሁለቱን መስመሮች እኩል አድርጌ አንዱን ከሌላው በመቀነስ ነው፦ 15ኑ = 300፣ ኑ = 20። እንግዲህ መልሱ በቆሎ 58፣ አኩሪ 12፣ ኑግ 20 ነው። ከአክስቴ ልማድ በኩንታል 200 ብር ይቀንሳል። 300 ዶሮ እያንዳንዷ በቀን 115 ግራም ገደማ ብትበላ በወር ወደ 10 ኩንታል ነው፤ ማለትም በወር 2,000 ብር። መሬት አያንቀጠቅጥም፤ ግን እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው የፈጀው።

ይህ የመኖ ጥያቄ በታሪኩ የተከበረ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 ለሰው ጠይቆታል፦ አንድ ሰው 9 ንጥረ ነገሮችን አሟልቶ በዓመት በስንት ዶላር መኖር ይችላል? ከ77 ምግቦች ተነስቶ፣ በከፊል በብልሃት በከፊል በግምት፣ በ1939 የአሜሪካ ዋጋ 39.93 ዶላር አለ። በ1947 ሲምፕሌክስ ሲፈጠር ዘዴው በዚሁ ጥያቄ ተሞከረ፤ ዘጠኝ ጸሐፊዎች በጠረጴዛ የሒሳብ ማሽን ተቀምጠው ወደ 120 የሰው ቀን ፈጀባቸው። መልሱ 39.69 ዶላር ሆነ። የስቲግለር ግምት የተሳሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር። ዛሬ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ ምግብ ምን ምን ይሁን፣ በየት በኩል ይግባ የሚለውን በዚሁ ዘር ሒሳብ ይወስናል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በኦፕሬሽንስ ሪሰርች ዘርፍ የሚሰጠውን የፍራንዝ ኤደልማን ሽልማት አግኝቶበታል።

ደረጃ 5፦ ወደ ኤክሴል

የዘጠኙን ጸሐፊዎች ሥራ ስልክ እስክታነሱ የሚጨርስ መሣሪያ ኤክሴል ውስጥ ተኝቷል። ሶልቨር ይባላል። ለማንቃት ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ ግቡ። ከታች "ጎ" የሚለውን ተጭናችሁ ሶልቨር አድ-ኢን ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ዳታ በሚለው ረድፍ በቀኝ ጥግ ይታያል። ኤክሴል ለሌለው ነጻው ሊብሬኦፊስ ካልክም ሶልቨር አለው።

ሰንጠረዡን እንዲህ አዘጋጁ። በሦስት ዓምድ በቆሎ፣ አኩሪ፣ ኑግ። በመጀመሪያው ረድፍ ዋጋ፣ በሁለተኛው ፕሮቲን፣ በሦስተኛው ፋይበር። አራተኛው ረድፍ የኪሎ ረድፍ ነው፤ ለጊዜው ሦስቱም ጋ 30 ጻፉና ቢጫ ቀቡት። ሶልቨር የሚቀያይረው ይህን ቢጫ ብቻ ነው። ከጎን በሰምፕሮዳክት ፎርሙላ (ሁለት ረድፎችን አንድ በአንድ አባዝቶ የሚደምር ነው) ሦስት ድምር አውጡ፦ የዋጋው ረድፍ በኪሎው ረድፍ ተባዝቶ፣ የፕሮቲኑ እንዲሁ፣ የፋይበሩም እንዲሁ። አራተኛው ድምር የቢጫው ረድፍ ራሱ ነው።

መቶኛውን 0.09፣ 0.44፣ 0.30 ብላችሁ አስገቡ። አንዱን 9 ሌላውን 0.44 ያለ ሰው ዶሮዎቹን በበቆሎ ብቻ ያሳድጋል።

ሶልቨርን ክፈቱ። ግብ በሚለው ሳጥን የወጪውን ድምር ስጡ፣ "ሚን" ምረጡ፣ የሚቀያየረው ቢጫው ረድፍ። ገደቦቹን ጨምሩ፦ ድምር = 90፣ ፕሮቲን ≥ 16.5፣ ፋይበር ≤ 6። ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች እንዳይወርዱ የሚከለክለው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። የአሠራር ዘዴው ላይ ሲምፕሌክስ ኤልፒ የሚለውን ምረጡ። ሶልቭ።

58፣ 12፣ 20 ካልመጣ ስህተቱ ፎርሙላው ላይ ነው። በወረቀት ያስሠራኋችሁ ለዚህም ነው፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተሩን መፈተን ይችላል።

ሶልቨር ሲያኮርፍ የሚለው ነገር አለው። "መፍትሔ አላገኘሁም" ካለ ገደቦቻችሁ እርስ በርስ ተጣልተዋል። ፋይበሩን 2.5 አድርጉትና ሞክሩ፤ በነዚህ ሦስት መኖዎች 16.5 ፕሮቲን ይዞ ከ3 በታች ፋይበር የሚባል ነገር የለም። መልሱ ወደ ማያልቅ ቁጥር ሄደ ካለ ደግሞ ትርፍ እያበዛችሁ አቅም መገደብ ረስታችኋል። ሁሉም ዜሮ ከመጣ ወጪ እየቀነሳችሁ ትንሹን ገደብ ረስታችኋል። እርግጥ ነው፣ በጣም ርካሹ መኖ ምንም አለማብላት ነው።

ደረጃ 6፦ መልሱን አትውሰዱና አትሂዱ

ብዙ ሰው ሦስቱን ቁጥር ገልብጦ ኤክሴሉን ይዘጋል። እኔ ግን ከመልሱ ይልቅ የምወደው ሶልቨር ሲጨርስ የሚያቀርበውን ሴንሲቲቪቲ የሚባል ሪፖርት ነው። ምረጡትና ይውጣላችሁ።

ውስጡ ሻዶው ፕራይስ የሚል ዓምድ አለ። የጥላ ዋጋ በሉት። ገደቡን በአንድ ብታላሉት ወይም ብታጠብቁት ወጪው በስንት ይቀየራል የሚለውን ይነግራችኋል። የፋይበሩ 93.33 ነው፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። ማለትም ፋይበሩ ከ6 ወደ 7 ኪሎ ቢፈቀድ ኩንታሉ በ93 ብር ይረክሳል። የፕሮቲኑ 127.6 ነው። አንድ ነጋዴ "17 በመቶ ፕሮቲን ይሻላል" ቢላችሁ የግማሽ ኪሎው ጭማሪ በኩንታል 64 ብር ገደማ እንደሚያስከፍል ታውቃላችሁ። ያ ጭማሪ በእንቁላል ይመለሳል ወይ የሚለው የናንተ ጥያቄ ነው።

ቁጥሩ የሚሠራው ግን በተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። የፋይበሩ 93.33 እስከ 9 ኪሎ ይሄዳል። 3 ጊዜ 93.33 ከ4,280 ስትቀንሱ 4,000 ይመጣል። የኔ የተዋረደ ቀመር! እዚያ ላይ አኩሪው ዜሮ ስለሚሆን ከዚያ በኋላ ፋይበር ብትፈቅዱም የሚቀንስ ነገር የለም።

እዚያው ሪፖርት ላይ ከየመኖው ጎን ዋጋው ምን ያህል ቢጨምር ቀመሩ እንደማይለወጥ ተጽፏል። የኑግ 14 ብር ይላል። ኑግ ከ50 ወደ 60 ቢወጣ ወጪያችሁ ይጨምራል፣ ቀመሩ ግን ያው 58፣ 12፣ 20 ነው። 64 ብር ካለፈ ነው ኑግን ትታችሁ ወደ አኩሪ 24 የምትሸሹት። አክስቴ ይህንን ቁጥር ጆንያ ላይ በማርከር ጽፋዋለች፦ "ኑግ 64"።

ደረጃ 7፦ ግማሽ ኬጅ አይገዛም

መኖ ይከፈላል። ማሽን፣ መኪና፣ ሠራተኛ አይከፈልም። አክስቴ በ100 ሺህ ብር ኬጅ ልትገዛ ብላ እንበል። ትልቁ 60 ሺህ ብር ነው፣ 130 ዶሮ ይይዛል። ትንሹ 50 ሺህ ነው፣ 100 ይይዛል። ተራው ስሌት ትልቁ በብር ሲመዘን ስለሚሻል 1.67 ትልቅ ኬጅ ግዢ ይላል። ወደ 2 ብታጠጉት ገንዘቡ አይበቃም። ወደ 1 ብታወርዱት 130 ዶሮ ይዛችሁ 40 ሺህ ብር እጃችሁ ላይ ይቀራል። ትክክለኛው መልስ ሁለት ትናንሽ ነው፤ 200 ዶሮ። ክፍልፋዩን ማጠጋጋት ከመልሱ አጠገብም አላደረሰንም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሶልቨር ላይ ገደብ ስትጨምሩ ከምልክቶቹ መካከል "ኢንት" የሚል አለ፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ ማለት ነው። "ቢን" ደግሞ ዜሮ ወይም አንድ ነው፤ "ሱቁን ልክፈት ወይስ አልክፈት" ላሉ ጥያቄዎች። ሲበዙ ኮምፒውተሩ ይንገዳገዳል፤ በማያስፈልግበት አታስገቧቸው።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠና?

የማጓጓዣ ችግር ቀጥሉ፤ ከስንት መጋዘን ወደ ስንት ሱቅ የሚለውን። ከዚያ ፈረቃ ድልድል። የኤክሴሉ ሶልቨር ከ200 በላይ ተቀያያሪ ቁጥር አይቀበልም፤ እዚያ ስትደርሱ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሩ። ፑልፕ የሚባለው ላይብረሪ ገደቦቹን በወረቀት እንደጻፋችሁት ስለሚያስጽፍ ለጀማሪ ይቀላል። ኦአር-ቱልስ የሚባለው የጉግል ለመኪና መንገድና ለፈረቃ ጠንካራ ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሲምፕሌክስን በእጅ መሥራት ግን ፈተና ከሌለባችሁ ተዉት።

የመኖውን ቀመር እንዳለ ወስዳችሁ እንዳትቀላቅሉ። ለእውነተኛ ዶሮ የኃይል መጠን፣ ካልሲየም፣ ላይሲንና ሜቲዮኒን (ሁለቱ ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው) እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ረድፍ ይፈልጋሉ። ሰንጠረዡ አለላችሁ፤ ረድፍ መጨመር ነው።

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ደወለች። "ኑግ 65 ገባ።" እኔም በኩራት፣ ከመስመሩ አለፈ፣ ኑጉን ተይውና በቆሎ 66፣ አኩሪ 24 አድርጊ አልኳት። "በኩንታል ስንት ያተርፈኛል?" አለች። አሰላሁት፤ 20 ብር። ስልኩ ላይ ሳቀች። "መኖ በድንገት ሲቀየርባቸው ሳምንት ሙሉ መጣል ያቆማሉ። ለ20 ብር ብዬ?" ኤክሴሉን ከፈትኩና ሌላ ረድፍ ጨመርኩ።